እልኸኛውን ልጅ ጦሳ ተራራ አታስወጡት፣ 30 ሜትር ስጡት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ በደብዳቤዎች ዓምዳችሁ ላይ የስልክ ጌም ልጆቻችንን ከእጃችን እየወሰደብን ነው የሚል የአንድ አባት ጽሑፍ ወጥቶ አነበብኩ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ስልኩን መንጠቅና ልጁን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሶ ተራራ ማስሮጥ ነው፤ «ሲደክመው ይተወዋል» ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔ ደሴ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ አጭር ርቀት አሠለጥናለሁ። ልጅን አስሮጡ ማለታቸውን እደግፋለሁ። በቅጣት መልክ መሆኑንና ረጅም ሩጫ መሆኑን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ጌሙን ሳይተው ሩጫውን ይጠላል።

መጀመሪያ ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የታላቅ እህቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ፍሪ ፋየር የተባለውን የተኩስ ጌም በስልክ ይጫወታል። ሲሸነፍ አይጮህም፣ ዕቃም አይወረውርም። ስልኩን ሶፋው ላይ ይደፋውና መንጋጋውን ነክሶ ዝም ይላል። ትከሻው ጆሮው ሥር ይደርሳል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፤ ስልኩ ከእጁ ወጥቶም አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። እናቱ «አቦል ደርሷል፣ ና እንጂ የኔ ጌታ» ስትለው አይሰማትም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ያነሳና «አንድ ብቻ» ይላል። ያቺን አንድ ከመጀመሪያው ብሶ ይሸነፋታል፤ ከዚያም ሌላ «አንድ ብቻ» ትከተላለች።

እህቴ «ለጨዋታ እንዲህ መሆን ምን የሚሉት ነው?» ትላለች። ልጁን ያበሸቀው ግን መሸነፉ ብቻ አይደለም፤ በራሱ ጥፋት ሳይሆን መሸነፉ ነው። ልጆቹ ፒንግ የሚሉት ነገር አለ። ስልኩ የላከው ትእዛዝ ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን በሚሊ ሰከንድ ይለካል። ሰርቨሩ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያ ላይ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ፒንጉ 200ን ያልፋል። 200 ማለት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። ልጁ አነጣጥሮ ሲተኩስ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ተጋጣሚ ቦታውን ለቅቆ ሄዷል። አንዳንዴ ደግሞ ማቹ (አንዱ ዙር ጨዋታ) ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፣ ለሳምንታት የገነባው ራንክ፣ ማለትም የተጫዋችነት ደረጃው፣ ይወርዳል።

ይህ የሰነፍ ሰበብ የሚመስለው ወላጅ ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ከ27 ደቂቃ በላይ ተሩጦ ወርቅና ብር የተለዩት በ90 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ያን ቀን አገር በሙሉ በደስታ ያበደው ለዚህች ቅንጣት ጊዜ ነው። ልጆቻችን በየምሽቱ ከዚህ በእጥፍ የሚበልጥ ጊዜ በኔትወርክ ምክንያት ሲቀሙ ቢበሽቁ አልፈርድባቸውም። እንዲያውም ይህን ያህል ለቅንጣት ሰከንድ የሚጨነቅ ልጅ ሳይ ልቤ ወደ መሮጫ መሙ ይሄዳል። አጭር ርቀት ሯጭ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነውና።

ሌላው ነገር ሰውነቱ ነው። ጨዋታው ሲጋጋል አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ተዘጋጅቷል፤ እግሮቹ ግን ሶፋ ላይ ታጥፈዋል። ተዘጋጅቶ መውጫ ያጣው ጉልበት ነው «አንድ ብቻ» የሚያሰኘው። ስለዚህ ልጁን ማንቀሳቀስ ትክክል ነው። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ደሴ ውስጥ «ሩጥ» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ዳገት ነው፤ ወይ ወደ ጦሳ፣ ወይ ሀረጎን ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መመለስ። ቱግ ብሎ የተነሳን ልጅ፣ ያልሞቀ ሰውነት ይዞ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እንዲህ ማስሮጥ የጭን የኋላ ጡንቻ ለማስበጠስ ካልሆነ የሚፈይደው የለም። ረጅም ሩጫ ጥሩ ነገር ነው፤ ለሚወደው ልጅ። በጌም ፍጥነት የለመደ ልጅ ግን 40 ደቂቃ ዝግ ብሎ ሲሮጥ ሐሳቡ ከጌሙ አይወጣም፤ እየሮጠ ያንኑ ሽንፈት ሲያመነዥግ ይከርማል። 30 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ግን ሌላ ነገር ማሰቢያ ጊዜ የለውም። እግርህን የት እንደምታሳርፍ፣ ክንድህን እንዴት እንደምትወነጭፍ ብቻ ነው ያለው።

ከእህቴ ልጅ ጋር መጀመሪያ የተከራከርነው በዕረፍት ነው። 30 ሜትር ሮጦ ይመጣና ወዲያው ሊደግም መስመሩ ላይ ይቆማል። ሦስት ደቂቃ ተራመድ ስለው «አክስቴ፣ ወላሂ አልደከመኝም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ትንፋሹ ተመልሷል። ጡንቻው ውስጥ ያለው ፈጣን ጉልበት ግን አልተመለሰም። ሙሉ ፍጥነት የሚያስሮጠው የተጠራቀመ ጉልበት በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል፤ ተመልሶ ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈልጋል። አሠልጣኞች በልምድ የሚሠሩበት ሒሳብ ለየ10 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ያህል ዕረፍት ነው። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ ከ60 እስከ 80 ሜትር ያለውን በ1.61 ሰከንድ ሮጦ የመጨረሻዎቹን 20 ሜትሮች በ1.66 ነው የጨረሰው። የዓለም ክብረ ወሰን እየሰበረ እንኳ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ቀንሷል። ሙሉ ፍጥነትን ለ10 ሰከንድ ሳይቀንስ የያዘ ሰው የለም። ያለ ዕረፍት የሚደጋግም ልጅ ፈጣን ሩጫ እየተለማመደ አይደለም፤ ዝግታን እየተለማመደ ነው።

ስለዚህ የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይሮጣሉ፤ ፍጥነቱ በግልጽ ከቀነሰ ግን ሦስተኛው ላይም ቢሆን የዚያ ቀን ልምምድ እዚያው ያበቃል። እልህ የያዘው ልጅ ይህን ለመቀበል ይቸገራል። ቀዝቅዞ የሮጠውን በሌላ ሩጫ ማካካስ ይፈልጋል፤ በጌሙ «አንድ ብቻ» የሚለውም ይኸው ስሜት ነው። እኔ ስለ ጌሙ ምንም ሳልለው አንድ ምሽት ሁለት ማች በተከታታይ ተሸንፎ ስልኩን ሲያስቀምጥ አየሁት። «ፍጥነቴ ወርዷል» አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ የራንክ መቁጠሪያው ጊዜ ሊዘጋ በቀረበበት ሰሞን አሁንም እስከ እኩለ ሌሊት ይታገላል። ነገር ግን ከእናቱም ከእኔም ያልመጣ፣ የራሱ የሆነ የማቆሚያ ደንብ አግኝቷል። በቁጣና በንጥቂያ ይህን ማግኘት አይቻልም።

አሁን ስለ መንጋጋው። ጌም ተሸንፎ በቀጥታ ወደ ሜዳ የመጣ ልጅ ከሩቁ ይታወቃል፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ ትከሻውን ሰቅሎ ይሮጣል። ኃይለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ነው። የተጨበጠ እጅ ክንድን ይገትራል፣ የተሰቀለ ትከሻ የክንዱን መወንጨፍ ያሳጥራል፣ ክንዱ ካጠረ እርምጃውም ያጥራል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከቤት ፈንዲሻ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አንድ አንድ ፍሬ ፈንዲሻ ይይዛል፤ 30 ሜትሩን በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ፈንዲሻውን ሳያደቅ ማስረከብ አለበት። የመጀመሪያው ቀን የሁሉም ፈንዲሻ ዱቄት ይሆናል። እጁ ሲላላ ትከሻው ይወርዳል፤ ትከሻው ሲወርድ መንጋጋው ይፈታል፤ ሲሮጥ ጉንጩ ይንቀጠቀጣል። ጉንጩ የሚንቀጠቀጥ ሯጭ በትክክል እየሮጠ ነው። የዓለም ሯጮችን ፍጻሜ በዝግታ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ የተመለከተ ይህን አይቶታል።

ሌላው አነሳስ ነው። ሲነሱ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መሬቱን ወደ ኋላ መግፋት እንጂ ቶሎ ቀና ማለት የለም። ቀና የሚባለው ቀስ በቀስ ነው። እግር የሚያርፈው በቀጥታ ከወገብ ሥር ነው፤ ወደ ፊት ተወርውሮ ካረፈ ፍሬን ይሆናል። የማስነሻ ሽጉጥ ስለሌለን በጭብጨባ አስነሳቸዋለሁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የሚቆሙት። የጌም ልጆች ዓይናቸው ፈጣን ነው፤ ሩጫ ግን የሚነሳው በጆሮ ስለሆነ አዲስ ነገር ይሆንባቸዋል፤ ይወዱታል። ከድምፁ በኋላ 0.100 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ድምፁን ሳይሰማ እንደተነሳ ተቆጥሮ ከውድድር እንደሚሰረዝ ስነግራቸው ስለ ፒንግ የሚያውቁት ሁሉ ትርጉም ያገኛል። እዚህ ላይ የቦልትን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ኮርያዋ ዴጉ በዓለም ሻምፒዮና የ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቀድሞ ተነስቶ ተሰረዘ። የሚበሽቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ከቀናት በኋላ 200 ሜትሩን አሸነፈ፤ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ደግሞ ከጃማይካ ቡድን ጋር የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ስልኩም ጠላት አይደለም። በእጅ ሰዓት 30 ሜትር መለካት አስተማማኝ አይደለም፤ ጣት ይዘገያል። በእጅ የተለካን 100 ሜትር ከኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ጋር ለማነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። እኛ በዚያው ጌም በሚጫወቱበት ስልክ ከጎን በዝግታ እንቀርጻለን፤ ልጆቹ እግራቸው የት እንዳረፈ ራሳቸው ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ትልቅ ሰው ሲያርማቸው የሚኮሳተሩት ልጆች ቪዲዮውን ሲያዩ ይስማማሉ።

ስለ ሰዓትም ልናገር። ሙሉ ፍጥነት ያለበት ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይበቃል፤ በመካከሉ 48 ሰዓት ያህል መኖር አለበት። ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ጌም አይመከርም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ ፍጥነት የሚገነባውም ልጁ ሲተኛ ነው። ሌሊቱን ለመግፋት ጫት የሚይዙ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ልጅ በማግስቱ አላስሮጥም፣ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲተኛ ነው የምነግረው። ከጌም ተነስቶ የመጣ ልጅም መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ይራመዳል፣ ያወራል፣ ንዴቱን ይናገራል። ደሴ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ማሟሟቂያችን 20 ደቂቃ ነው፤ ሹራብ የሚወልቀው ላብ ሲመጣ ብቻ ነው። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ከማፍጠሪያው በፊት አጠር ያለ የአነሳስና የአረማመድ ልምምድ ብቻ ይሠራሉ፤ ሙሉ ፍጥነቱ ወደ ጎን ይባላል። በዐቢይ ጾም ያሉትም ምስርና ሽሮ በደንብ እስከበሉ ድረስ ይሮጣሉ። አብረው ስለሚለማመዱ አንዱ የሌላውን ጾም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ውኃ እንኳ ዞር ብለው ነው የሚጠጡት።

«ኢትዮጵያዊ ለረጅም እንጂ ለአጭር ርቀት አልተፈጠረም» የሚለውን ወሬ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም እሰማለሁ። ልጆች ቦልት ይሆናሉ ብዬ ቃል አልገባም። ግን ምሩፅ ይፍጠርን ማርሽ ቀያሪው ያሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ያሸነፈበት የመጨረሻው ዙር ፍጥነት ነው። መሐመድ አማን እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ሞስኮ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለችው ያንን ፍጥነት ይዛ ነው። ደግሞም የከተማችን ከፍታ ለአጭር ርቀት ጸጋ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ 2 ሺህ 240 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ የ100፣ የ200 እና የ400 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰብረዋል። ደሴ በከፍታ ከሜክሲኮ ሲቲ ትበልጣለች። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የመጣ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ያው ስስ አየር ለሚፈጥን ሰው ያነሰ ግፊት ነው። በዚህ ከፍታ የተወለደ ልጅ አጭር ርቀት ሳይሞክር ማለፉ ያሳዝነኛል።

ሴቶች ልጆችም ጌም ይጫወታሉ፤ እነሱም ይበሽቃሉ። ወንዱ ሲናደድ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እሷ ግን ብሽቀቷን ይዛ ወደ ጓዳ ነው የምትገባው። ከእኔ ጋር ከሚለማመዱት መካከል አነሳሷ ከሁሉም የተሻለው ሴት ልጅ ናት፤ እናቷን ለማሳመን ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቡና እየጠጣሁ ማስረዳት ነበረብኝ። «አብሽሪ፣ ከመግሪብ በፊት ትመለሳለች» ብዬ ቃል ገብቼ ነው የወሰድኳት፤ ቃሌንም ጠብቄያለሁ።

ለወላጆች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ማች መሐል ስልክ አትንጠቁ። ፍሪ ፋየር በቡድን ሲጫወቱት አራት ልጆች አብረው ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሦስቱን ይጥላቸዋል፤ ልጃችሁን ጓደኞቹ ፊት ታዋርዱታላችሁ። ማቹ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፑብጂ የተባለው ሌላው የተኩስ ጌም ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ጠብቁት፤ ሲጨርስ ጫማውን እንዲያደርግ ንገሩት። ሩጫንም ጥፋት ላጠፋ ልጅ የምትሰጡት ቅጣት አታድርጉት።

ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ደግሞ ጥያቄዬ ስለ ሜዳ ነው። ከተማችን ተዳፋት ናት፤ ቀጥ ያለ ደልዳላ መሬት ብርቅ ነው፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ አለ። ደልዳላ ሜዳ ያላቸው ትምህርት ቤቶቻችን ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ልክ ልጆች ከቤት መውጣት በሚፈልጉበት በ11 ሰዓት በራቸውን ይቆልፋሉ። ጌም ቤቶቹ በዚያች ሰዓት ክፍት ናቸው። የምንጠይቀው ትልቅ ስታዲየም አይደለም። ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል በሩ ይከፈት፤ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ተለክቶ በኖራ ይሰመር፤ ከስፖርት መምህራን አንዱ ተረኛ ይሁን። ለጥበቃ ሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካስፈለገ የወላጅ መምህራን ኅብረት ሊወያይበት ይችላል። ከባልደረቦቼ መካከል ያለ ክፍያ ተረኛ ለመሆን የተስማማን አለን፤ ስማችንን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ለመስጠት ዝግጁ ነን። ጽሑፉን የላኩት አባትም ልጃቸውን ይዘው ቢመጡ በደስታ እንቀበላቸዋለን፤ ሹራብና ውኃ ብቻ ይያዝ፣ ፈንዲሻው ከእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የስፖርት መምህርት
ደሴ፣ ወሎ